ድሬዳዋና ሐረር ላይ የጆርናል ሥራ ልትጀምሩ ነው? ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ድሬ ላይ ሆኖ በጆርናል፣ ማለትም የምርምር ጽሑፎች በሚወጡበት መጽሔት ዙሪያ ሥራ መጀመር ጥሩ ሐሳብ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። ወደ ሐረር ስትወጡ ሐሮማያ መንገዳችሁ ላይ አለ። ጅግጅጋም ሩቅ አይደለም። ሐሮማያ ብቻውን «ኢስት አፍሪካን ጆርናል» እያለ የሚጠራቸው፣ በሳይንስ፣ በጤናና በማኅበራዊ ጥናት የተከፋፈሉ ጆርናሎች አሉት። አርትዖቱ፣ የገጽ ቅንብሩ፣ የዌብሳይቱ አያያዝ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ግን ጀማሪውን የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ።

ትልቁን ላስቀድም። «ጽሑፍህን በሳምንት አሳትምልሃለሁ» ብሎ መነሳት ነው። ፈተናው ይገባኛል። መምህሩ ለደረጃ እድገት የታተመ ጽሑፍ ይፈልጋል። የዶክትሬት ተማሪውም ለመመረቅ ይቸኩላል። የቸኮለ ሰው ደግሞ ይከፍላል። ስለዚህ አንዳንዱ ስም የሚያምር ጆርናል ይከፍታል፤ የጽሑፉን ጥራት የሚመዝን ገምጋሚ የለውም፣ የተላከለትን ሁሉ ያወጣል። አቦ፣ ይሄን አትንኩት። ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ጆርናሎችን እየገመገመ እውቅና ይሰጣል። እውቅና ያላገኘ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ለእድገት ሲቀርብ ውድቅ ቢሆን፣ የተጎዳው ከፍሏችሁ የነበረው ደንበኛ ነው። በዓለም ደረጃም ዋጋ ያስከፍላል። በፈረንጆቹ 2019 የአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት ኦሚክስ የተባለውን የሕንድ አሳታሚ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ክሱ የግምገማውን ነገር በሚመለከት ተመራማሪዎችን አሳስቷል፣ ክፍያውንም ደብቋል የሚል ነበር።

ታዲያ ምን ይሸጣል? ድካም ይሸጣል። የቋንቋ አርትዖት፣ የማጣቀሻ አደረጃጀት፣ የሰንጠረዥና የምስል ዝግጅት፣ ጽሑፉን በጆርናሉ መመሪያ ማስተካከል። የመቀበልና ያለመቀበል ውሳኔው የአርታኢው ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋችሁ ጽሑፉ ቢያልፍም ቢወድቅም አንድ ይሁን። ውሉ ላይም ጻፉት። የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ መሸጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ሌላውን ሥራችሁን ሁሉ ያበላሽባችኋል።

ቁጥርን እንደ ጥራት ማስረጃ መሸጥም ስህተት ነው። አይኤስኤስኤን የጆርናሉ መለያ ነው። ዲኦአይ የጽሑፉ ቋሚ አድራሻ ነው። ሁለቱም ስለ ጥራት አይመሰክሩም። ለዲኦአይ ብዙ ገንዘብ መጠየቅም አያዋጣም። ዲኦአይ የሚመዘግበው ክሮስሬፍ የተባለ ድርጅት ከፈረንጆቹ 2023 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች አባልነትና ምዝገባን ያለክፍያ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ደንበኛው ይሄን ያወቀ ቀን አያምናችሁም። ለምትሠሩት ሥራ አስከፍሉ፤ ለመዝጋቢነት፣ ለጥገና፣ ዌብሳይቱ አድራሻ ሲቀይር ዲኦአዩን ለማስተካከል።

ማሽንና ሶፍትዌር ላይ መቸኮልም አለ። አብዛኛው ጆርናል አሁን የሚነበበው በኢንተርኔት ነው፤ የማተሚያ ማሽን የመጀመሪያ ወጪያችሁ አይሁን። ጆርናል በኢንተርኔት ለማስተዳደርና ለማውጣት የሚያገለግለው ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ ከፈረንጆቹ 2001 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው።

አሁን እዚህ አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች በጣም ወደሚያስፈልገው ልምጣ። ፊደል። የሐረርን የእጅ ጽሑፎች የሚያጠና ሰው አንድ ገጽ ላይ አረብኛ፣ ግዕዝ ፊደልና እንግሊዝኛ ሊያመጣላችሁ ይችላል። አረብኛው ከቀኝ ይነሳል፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲቀላቀል ቅንፍና ቁጥር ቦታ ይቀያየራል። አፋን ኦሮሞ ላይ ኮምፒውተሩ ሁዻን፣ ቃል መሃል የምትገባዋን ( ' ) ምልክት፣ የጥቅስ ምልክት ያደርገዋል። የሁሉም ክፉ ግን በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ አማርኛ ነው። ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ጽሑፉ ቢወጣም ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያውቁት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ አሁንም ግን በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ይመጣሉ። ከመረከባችሁ በፊት አንድ አንቀጽ ከፒዲኤፉ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት። አማርኛው ካልተነበበ ቀይሩት። የመቀየሪያውን ጊዜም ዋጋው ውስጥ አስገቡ፤ ቃል በቃል ማንበብ ይጠይቃል። አረብኛውን ደግሞ ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ሳያየው አትላኩት። ሐረር ላይ ይሄን ሰው ማግኘት አይቸግርም።

ስምና ዓመተ ምሕረትም ቀላል አይደሉም። የውጭ ሲስተም የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል። እኛ የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። አበበ ከበደን አንዱ ጆርናል «አበበ» በሚለው፣ ሌላው «ከበደ» በሚለው ሲመዘግበው አንዱ ተመራማሪ ሁለት ሰው ይሆናል። ደራሲው ከዚህ በፊት እንዴት እንደተጠቀሰ ጠይቁ፣ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥሩንም አስገቡ። ሐምሌ 2017 የወጣ ጽሑፍ ደግሞ በፈረንጆቹ 2025 ነው። 2017 ብላችሁ ብትመዘግቡት ገና በወጣበት ቀን ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ለተመራማሪው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገንዘቡን ስታቅዱ የመንግሥት ክፍያ እንደሚዘገይ አስቡ። ፕሮፎርማ አለ፣ ግዥ ክፍል አለ፣ በጀቱም ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ የጀመራችሁት ሥራ ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ሊሻገር ይችላል። ዓመቱን ሙሉ በማይቀየር የብር ዋጋ መዋዋልም አደገኛ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሰርቨርና ዶሜይን (የዌብሳይቱ አድራሻ) ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዶላር ነው። ይህን ወጪ ከጉልበት ዋጋችሁ ለይታችሁ ጻፉት።

በመጨረሻ፣ ዶሜይኑን በራሳችሁ ስም አታስመዝግቡ። የይለፍ ቃሉም እናንተ ጋ ብቻ አይቅር። ነገ ሥራውን ብትተዉ ወይም ብትጣሉ፣ ያ ሁሉ የታተመ ምርምር አብሮ መጥፋት የለበትም። የመጀመሪያው ዕትም እንደወጣ የመግቢያውን ዝርዝርና የፋይሎቹን ቅጂ ለጆርናሉ ጽሕፈት ቤት አስረክቡ፣ ተፈራርማችሁም ቅጂውን አስቀምጡ።