ቴንሽን ላይ ተማሪ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ የ11ኛ ክፍል ልጆችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። ገመድ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ገና አንብበው ሳይጨርሱ እጃቸው "ቲ = ኤም ጂ" ብሎ ይጽፋል፤ ቴንሽን (ቲ፣ ገመዱ የሚስብበት ኃይል) ሁሌም ከተንጠለጠለው ዕቃ ክብደት (መጠነ ቁስ ኤም ሲባዛ በስበቱ ጂ) ጋር እኩል ነው ማለታቸው ነው።

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። 5 ኪሎ ባልዲ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ፣ አዎ፣ ቴንሽኑ 50 ኒውተን ነው (ጂን 10 ብለን)። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሲሳብም ያው 50። በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እየፈጠነ ወደ ላይ ከወጣ ግን ገመዱ 60 ይሸከማል፤ በዚያው ልክ እየፈጠነ ከወረደ 40። ባልዲው ያው ባልዲ ነው። ቴንሽን የራሱ ፎርሙላ የለውም። በባልዲው ላይ ያሉትን ኃይሎች ስለን፣ ኤፍ = ኤም ኤ (የኃይሎቹ ድምር = መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት ለውጥ) ብለን ነው የምናወጣው።

ሌላው የጉተታ ነገር ነው። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር የጀልባ ገመድ አንድ ጫፉ ከግንድ ጋር ታስሯል እንበል። አንድ ሰው ሌላኛውን ጫፍ በ200 ኒውተን ቢስብ ቴንሽኑ 200 ነው። ግንዱን ትተን ሁለት ሰዎች ከሁለቱም ጫፍ እያንዳንዳቸው በ200 ቢጎትቱስ? "400!" ይላሉ በአንድ ድምፅ። 200 ነው። ግንዱም እኮ በ200 እየሳበ ነበር፤ ስለማያልበው ረሳነው እንጂ። ስላላመኑኝ የመንጠቆ ሚዛን አመጣሁ። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ አስረን ስንስብ 5 ኪሎ አነበበ። በእጀታው ፋንታ አንዷ ልጅ ያዘችው። አሁንም 5።

ገመድ አይገፋም፤ ይስባል ብቻ። የተበላሸ ባጃጅ በገመድ ሲጎተት፣ የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ የኋለኛው ለምን መጥቶ እንደሚገጨው እዚህ ላይ ነው መልሱ።

ፑሊ (ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጎማ) ላይ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ 3 ኪሎና 2 ኪሎ ሲንጠለጠሉ ደግሞ ቴንሽኑን 50 የሚል አለ፣ 10 የሚልም አለ። መልሱ 24 ነው። ሰበቃ በሌለው ቀላል ፑሊ ላይ ቴንሽኑ ምንጊዜም በሁለቱ ክብደት መሀል፣ እዚህ በ20ና በ30 መካከል፣ ካልወደቀ ስሌታችሁን መልሳችሁ እዩ።

አንግል መርሳት ግን እኔንም አዋርዶኛል። 6 ኪሎ የሚሆን እርጥብ ብርድ ልብስ የልብስ ማስጫ ገመድ መሀል ላይ ሲሰጣ "ሁለት ጎን ስላለ 30፣ 30 ይካፈላሉ" ይባላል። እንዲህ የሚሆነው ገመዶቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ከቆሙ ነው። ከአግድሙ 30 ዲግሪ ከረገበ እያንዳንዱ ጎን 60 ኒውተን ይይዛል። 5 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ወደ 344። ገመዱን ይበልጥ በወጠርነው ቁጥር ይብሳል፤ ፍጹም ቀጥ ማለትማ አይችልም። ይሄን እያስተማርኩ፣ ገመዱ ሲረግብ አይቼ በደንብ ወጠርኩት። ሚስማሩ ከነልስኑ ወጣ። አሁን አላልቼ አስሬዋለሁ፤ ብርድ ልብሱ መሬት ሊነካ ስንዝር ነው የቀረው።