ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ባለፈው ክረምት የሠርግ ሱፌን ሳወጣ ኮሌታው ላይ ሻጋታ አብቅሏል። ቁም ሳጥኑን ስስበው ግድግዳው አተላ የተረጨበት መስሎ ጠቁሯል። ጥፋቱ የራሴው ነው። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያለው የድንጋይና የጭቃ ቤታችን ድሮ የሚቀባው ኖራ ነበር። እኔ «ይታጠባል» ብዬ ፕላስቲክ ቀለም አስቀባሁት። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ፕላስቲክ ቀለም ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል።

እናንተ መጀመሪያ ጣሪያውንና አሸንዳውን እዩ። ከላይ የሚያፈስ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ጋት አርቁት፣ አየር ይዙርበት። ሻጋታውን በደረቅ መጥረጊያ እንዳትነኩት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ በሳሙና ውሃ እሹት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ!

የአየር እርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ30 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው። ከ60 ካለፈ ለሻጋታ ይመቸዋል። ከሌላችሁ ጠዋት መስኮቱን እዩት፤ መስታወቱ ካላበው ቤቱ ታፍኗል። ዝናቡ ሲያባራ በርና መስኮቱን ፊት ለፊት ለሩብ ሰዓት ክፈቱ። ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ።

እናቴ «ከሰል አቀጣጥዬ ላድርቀው» ትላለች። እማዬ፣ በፍጹም! የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ በር ተዘግቶ ሰው ይገድላል። ቡናውም ቢሆን በረንዳ ላይ ይፈላ።

ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ትስቅብኛለች። እሷ በደረቁ ሙቀት እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ ትሰቅላለች።