በረዶ ሲቀልጥ፣ ውሃ ሲፈላ፦ ሙቀት ፈሳሽን ምን እንደሚያደርገው በቴርሞሜትር እንዴት ማየት ይቻላል

ውሃ እሳት ላይ ሲጣድ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ይተናል። ይህን የማያውቅ የለም። ቴርሞሜትር ሲገባበት ግን ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር ይወጣል፦ እሳቱ እየነደደ የውሃው ሙቀት ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ለዚያውም ሁለት ጊዜ። በዓይናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ትንሽ የብረት ድስት፣ የተሰባበረ በረዶ፣ ሰዓት፣ ወረቀትና እርሳስ። ቴርሞሜትሩ ከ0 በታች ጀምሮ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያነብ ይሁን። የትኩሳት መለኪያ በፍጹም አትጠቀሙ። አብዛኛው 42 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ሊሰበር ይችላል።

1. ድስቱን እስከ ግማሽ በረዶ ሙሉና ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። ጥቂት ደቂቃ አማስሉት። ቴርሞሜትሩ 0 አካባቢ ማሳየት አለበት። 2 ካሳየ መሣሪያው በ2 ዲግሪ ይዋሻል ማለት ነው፤ ልዩነቱን ጻፉት።

2. በዝቅተኛ እሳት ጣዱት። በየደቂቃው እያማሰላችሁ ንባቡን መዝግቡ። ቴርሞሜትሩ የድስቱን ታች እንዳይነካ ያዙት፤ ከነካ የምትለኩት ውሃውን ሳይሆን ብረቱን ነው።

3. አሁን ታገሡ። በረዶው እያለቀ ነው፣ ንባቡ ግን እዚያው 0 አካባቢ ነው። ሙቀቱ የት ገባ? በረዶ ውስጥ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ነው ያሉት። የገባው ሙቀት ያንን ትስስር በማላላት ያልቃል። 1 ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ጁል (ጁል የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ይፈጃል። በዚያው ሙቀት የቀለጠውን ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ማድረስ ይቻል ነበር! ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ብላክ ይህን በ1760ዎቹ አጥንቶ «ስውር ሙቀት» ብሎ ጠራው፤ ቴርሞሜትር ላይ አይታይማ።

4. በረዶው እንዳለቀ ንባቡ መውጣት ይጀምራል። እሳቱን ትንሽ ጨምሩ። ከታች የሚታዩት ደቃቅ አረፋዎች እንፋሎት አይደሉም፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው። ከመፍላቱ በፊት ድስቱ እሽሽ ማለት ይጀምራል። ጆሯችሁን ስጡት። ታች የተፈጠረው የእንፋሎት አረፋ ወደ ላይ ሲነሳ ገና ያልፈላ ውሃ ያገኘውና ወዲያው ይከስማል፤ ድምፁ የዚያ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲፈላ ድምፁ ይለወጣል።

5. ሲንተከተክ ንባቡን እዩ። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ በየ1,000 ሜትሩ 3 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 94 ብታነቡ መሣሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። አሁን እሳቱን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ውሃው ይናጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይተናል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ፍንክች አይልም። ለእኔ የሙከራው ልቡ እዚህ ላይ ነው። እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያስጨርሳል እንጂ ከመፍያው በላይ አያሞቀውም። ምግብ የምትቀቅሉ ከሆነ፣ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ ነዳጅ ያተርፋል፤ ምግቡም ከሞላ ጎደል በዚያው ጊዜ ይበስላል።

1 ግራም የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,260 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ከ0 እስከ 100 ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። እንፋሎቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ መልሶ ውሃ ይሆንና ያንን ሁሉ ሙቀት ይለቃል፤ የእንፋሎት ቃጠሎ የሚከፋው ለዚህ ነው። ክዳን ስትከፍቱ ፊታችሁን አርቁ። ድስቱም ሳይደርቅ እሳቱን አጥፉ።

6. ደቂቃውን ወደ ጎን፣ ዲግሪውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ። ሜዳ፣ ዳገት፣ ሜዳ ይወጣላችኋል።

መቀጠል ከፈለጋችሁ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 60 ግራም ያህል ጨው አሟሙታችሁ አፍሉ፤ መፍያው 1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ጨውን የፈላ ውሃ ላይ አትበትኑ፣ ድንገት ይገነፍላል። አልኮል ደግሞ 78 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ትነቱ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ እሱን ቤት ውስጥ አትሞክሩት።