ተሰክቶ አድሮ ያልሞላ መኪና፦ የቻርጅ ችግሮች ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ገና ሰላም ሳንባባል «ልጄ፣ የዚህ መኪና ባትሪ ሳይሞት አይቀርም» አሉኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ በ30 ፐርሰንት የሰኩት መኪና ሲነጋ 43 ላይ ቆሟል። በስልክ ያማከሩት ሰው ደግሞ «ባትሪው ተፈቶ መታየት አለበት» ብሎ አስደንግጧቸዋል። «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ስክሪኑን እንየው» ብዬ አብሬያቸው ወረድኩ። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። በስልኬ ጉግል ትራንስሌትን ከፍቼ ካሜራውን የቻርጅ ገጹ ላይ ስደግን «የቀጠሮ ቻርጅ፣ 23:00 እስከ 07:00» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጥግ ላይ ያለው የመኪናው ሰዓት ደግሞ 11:30 ይላል።

ባትሪው ምንም አልሆነም። መኪናው የታዘዘውን ሲፈጽም ነው ያደረው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ከተማችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ቋንቋቸውም፣ ሰዓታቸውም፣ መሰኪያቸውም የዚያው አገር ነው። እናም «ቻርጅ አላደርግ አለ» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ ባትሪውን የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ የኬብሉን መብራት፣ ከዚያ የቤቱን ሶኬት አያለሁ።

ይሰካል ግን አይጀምርም፣ ወይም ሌሊት መሀል ላይ ቀጥ ይላል

በጣም የተለመደው ምክንያት የቀጠሮ ቻርጅ ነው። የቤጂንግ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ይቀድማል። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ የግድግዳው፣ የስልኩና የመኪናው ሰዓት ሦስቱም የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ። የጋሼ መኪና 23:00 የሚለው በእኛ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ 07:00 የሚለው ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት። ማታ 4 ላይ ሲሰኩት ቀጠሮው ክፍት ስለነበር ወዲያው ጀመረ፤ 8 ሰዓት ሲሆን ቆመ። በ10 አምፒር ኬብል 4 ሰዓት ቻርጅ ማድረግ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስገባል። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ይህ 13 ፐርሰንት ቢሆን ነው። 30 እና 13፣ 43። ሒሳቡ ልክ ገጠመ።

ያንን ቀጠሮ ማን እንደሞላው ጋሼ አያውቁም፤ መኪናውን የገዙት ያገለገለ ሆኖ ነው። በቻይና ብዙ ቦታ ሌሊት ላይ የመብራት ዋጋ ስለሚቀንስ ሰዉ ቀጠሮ ይሞላል። እኛ ጋ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚሰላው በወሩ ፍጆታ እርከን እንጂ በሰዓቱ አይደለም። ስለዚህ ለዋጋ ብሎ ቀጠሮ መያዝ እዚህ ትርጉም የለውም። ምክሬ ቀጠሮውን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ከቻርጅ ገጹ ላይ ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ግራ መግፋት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በችኮላ ላይ ከሆኑ ብዙ መኪኖች እዚያው ገጽ ላይ «አሁን ጀምር» የሚል ቁልፍ አላቸው።

ቀጠሮ የሚጠቅምበት አንድ ምክንያት ግን አለ። ከማታ 1 እስከ 4 ሰዓት የሰፈሩ ምጣድና ምድጃ ሁሉ አብሮ ስለሚበራ ኃይል ይወርዳል፤ ያንን ሰዓት ማለፍ ጥሩ ነው። የመኪናው ሰዓት የቤጂንግ እንደሆነ ከቀረ፣ ከማታ 1 እስከ ንጋት 12 ላለው ከእኛ ሰዓት ላይ 1 ይቀንሱ፤ የሚመጣው ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚሞላው ነው። ማታ 4 ሰዓት 03:00 ይሆናል፣ ሌሊት 8 ሰዓት 07:00፣ ንጋት 12 ሰዓት 11:00። ለቀን ሰዓት፣ እስከ ማታ 12 ድረስ፣ 1 ከቀነሱ በኋላ 12 ይጨምሩ፤ ቀን 6 ሰዓት 17:00 ይሆናል። ስለዚህ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 እንዲሞላ የሚፈልግ ሰው 03:00 እስከ 11:00 ብሎ ይሙላ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የስልኩን ሰዓት አይቶ 22:00 እስከ 06:00 ሲሞላ ነው። ይህ ለመኪናው ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊት 7 ማለት ነው፤ ሊሸሹት የፈለጉት የምጣድ ሰዓት መሀል ላይ ጉብ ይላል። ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ማዘዣ አጥፍቶ በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ መኪና ከሆነ ከዚህ ሁሉ ይገላገላሉ።

80 ላይ ይቆማል

ይህ ባትሪው እስከ ስንት ፐርሰንት እንዲሞላ የታዘዘበት ገደብ ነው፤ በቻርጅ ገጹ ላይ ባለው መስመር ተንሸራታቹን ወደ ቀኝ መጎተት ነው። ግን ከመጎተትዎ በፊት ባትሪዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። እንደ ቢዋይዲ ኩባንያው ብሌድ ያሉት በሊቲየም፣ በብረትና በፎስፌት የተሠሩ ባትሪዎች በየጊዜው እስከ 100 መሞላት አለባቸው፤ አለበለዚያ ፐርሰንቱ እየተዛባ ሄዶ 15 ብሎ ያሳየው በድንገት 5 ይላል። ኒኬል ያለባቸው ደግሞ ለዕለት ተዕለት 80 ይበቃቸዋል፤ 100 የሚሞሉት ሩቅ መንገድ ሲታሰብ፣ ለመነሻው ሰዓት ተጠግቶ ነው። ስለዚህ «ጓደኛዬ 80 ላይ አቁም ብሎኛል» ማለት የሚሠራው የጓደኛዎ ባትሪ እና የእርስዎ አንድ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው።

በጣም ቀስ ብሎ ይሞላል

ፍጥነቱን ከመኪናው፣ ከኬብሉና ከቤቱ መስመር ትንሹ ይወስነዋል። በ220 ቮልት 8 አምፒር ማለት 1.8 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ 10 አምፒር 2.2፣ 16 አምፒር 3.5፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 32 አምፒር ቻርጀር ደግሞ 7 ኪሎዋት ይሰጣል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 እስከ 100 ለመሙላት በ10 አምፒር አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይወስዳል፤ በ32 አምፒር ግን በአንድ እንቅልፍ ይደርሳል። ብዙ ተንቀሳቃሽ ኬብሎች አካላቸው ላይ አምፒር የሚቀይር ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ በአብዛኛው የሚታዘዘው ኬብሉ ከመኪናው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው፤ ከተሰካ በኋላ ቢጫኑት አይሰማም። አንዳንድ መኪኖች ደግሞ በስክሪናቸው «የተቀነሰ አምፒር» የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱ በርቶ ከቀረ ኬብሉ ላይ 16 ቢያዙም ለውጥ አያዩም።

ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይም ሶኬቱ ይግላል

አምፒሩን ከፍ ለማድረግ ሲጣደፉ የሚመጣው ችግር ይህ ነው። «ይህ ሶኬት ምጣድ ይችላል፣ መኪና እንዴት አይችልም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ከ16 አምፒር ቻርጅ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ነገር ግን ምጣድ አንድ ሁለት ሰዓት ተሠርቶበት ይጠፋል፤ መኪና 10 እና 12 ሰዓት ሳያቋርጥ ይስባል። ሶኬቱ ውስጥ ያለች አንዲት የላላች ብሎን ለምጣድ ሰዓት ትችላለች፣ ለመኪና ሌሊት ግን አትችልም።

የራሴን ሶኬት ያወቅሁት በእጄ ነው። ከሰካሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን ስነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ ይሞቃል። ስነቅለው ከሁለቱ ቀዳዳዎች የአንደኛው ዙሪያ ቡና ዓይነት መልክ ይዟል፤ የሹካው አንድ እግርም ጠቁሯል። ኤሌክትሪሺያኑ ሲከፍተው የሽቦው ልባስ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቀልጦ ነበር። ስለዚህ በአዲስ ሶኬት የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ምሽት 8 ወይም 10 አምፒር ላይ አድርጎ ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጁ ይዳስስ። ለብ ካለ ችግር የለም፤ እጅ አላስቆይ ካለ ወዲያው ማቆም ነው። ዲቫይደር በፍጹም አይጠቀሙ። ለፍሪጅ የተገዛ ስታቢላይዘርም የመኪናን ጭነት አይችልም። ዘላቂው መፍትሄ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር መዘርጋት ነው፤ ለ32 አምፒር ሽቦው ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

ብሬከሩ የሚወድቀው እንጀራ ሲጋገር ብቻ ከሆነ ግን መኪናው ጥፋት የለበትም። አምፒሩን ይቀንሱ፣ ወይም ምጣዱ እስኪወርድ ይጠብቁ።

ኬብሉ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ሌላ ቤት ሲሰካ ግን ይሠራል

ይህን ሳስብ የምፈራበት ምክንያት ስላለኝ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ኬብሉ ከመጀመሩ በፊት የመሬት መስመር (ግራውንድ)፣ ማለትም ያመለጠ ኃይል ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ፣ መኖሩን ይፈትሻል። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ የግራውንድ ብረት ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ የለውም፣ ወይም ሽቦው ሄዶ ሄዶ የትም አይደርስም። ኬብሉ ይህን ሲያይ አልጀምርም ይላል።

ቀላሉን አስቀድመው ይሞክሩ፦ ሹካውን ነቅለው አዙረው ይሰኩ። የቻይና ሶኬት ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራሉ (የሚመልሰው ሽቦ) ቦታቸው የታወቀ ነው፤ የእኛው ክብ ሶኬት ግን በሁለቱም በኩል ይገባል፤ አንዳንድ ኬብል ፌዙ በተሳሳተ ወገን ሲመጣ እምቢ ይላል። አዙረው ሲሰኩት ከሠራ፣ በዚያ ወገን ሹካው ላይ በፓርከር ምልክት ያድርጉበት።

ካልሠራ ኤሌክትሪሺያን በመለኪያ ይይ። ከፌዝ እስከ ግራውንድ 220 አካባቢ፣ ከኒውትራል እስከ ግራውንድ ለዜሮ የተጠጋ ማንበብ አለበት። ካላነበበ መፍትሄው በግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ እውነተኛ የመሬት መስመር መሥራት ነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር። «እኔ በአምስት ደቂቃ አሠራዋለሁ» ብሎ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር በቁራጭ ሽቦ የሚያገናኝ ሰው አለ። ኬብሉ ይታለላል፣ አረንጓዴ ይበራል፣ መኪናው ይሞላል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከፖሉ ወይም ከቆጣሪው ኒውትራሉ ቢበጠስ፣ 220 ቮልቱ በዚያ ቁራጭ ሽቦ አልፎ የመኪናው አካል ላይ ይቀመጣል። የመኪናው እጀታ፣ ኮፈኑ፣ ጎማ ላይ የቆመው ብረት ሁሉ ፌዝ ይሆናል። ዝናብ ባረጠበው ግቢ ውስጥ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ መኪናውን ነክቶ ቢደገፍስ? እባካችሁ፣ ይህን የሚያቀርብላችሁን ሰው በጭራሽ እሺ አትበሉ። ተሠርቶላችሁ ከሆነም ዛሬውኑ አስነቅሉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ አይቀጥልም

ተንቀሳቃሽ ኬብሎች አብዛኞቹ መብራት ሲመጣ ይቀጥላሉ። የግድግዳ ቻርጀሮች ግን በካርድ ወይም በስልክ መተግበሪያ እንዲጀምሩ የታዘዙ ከሆነ እንደገና ካርድ እስኪነኩ ይጠብቃሉ። ቻርጀሩን የሰቀለው ሰው «ሲሰካ ይጀምር» ወደሚለው ይቀይረው። እንደዚያም ሆኖ ካልቀጠለ ብሬከሩን ራሱ አውርዶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማንሳት፣ ከዚያ ከመኪናው ነቅሎ መሰካት ይበቃል። መብራት እንደመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቤት ውስጥ ካሉ ቶሎ አይሰኩ፤ አምፖሉ እስኪረጋ ይቆዩ።

መሰኪያው አልነቀል ይላል

ሳይከፈት መጎተት መሰኪያውን የያዘችውን መቆለፊያ ይሰብራታል። መኪናውን በሪሞት ቆልፈው እንደገና ይክፈቱና ወዲያው ይንቀሉ፤ ከዘገዩ ተመልሶ ይቆለፋል። የመሰኪያ ስርቆት መከላከያ የሚል ምርጫ በስክሪኑ ላይ ካለና ግቢዎ የተዘጋ ከሆነ ማጥፋት ይቻላል። በእጅ የሚጎተት የአደጋ ጊዜ ገመድም አለ፤ ቦታው እንደየመኪናው ኮፈን ስር ወይም ኋላ ሻንጣ ውስጥ ስለሚሆን ሳይቸግርዎ ፈልገው ይወቁት።

ፈጣን ቻርጅ ጣቢያ ላይ አይገጥምም

የቻይና መኪና ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ ለቤቱ ባለ 7፣ ለፈጣኑ ባለ 9 ቀዳዳ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ለቤቱ ታይፕ 2፣ ለፈጣኑ ሲሲኤስ የሚባሉ መሰኪያዎች አሏቸው። ለቤቱ ቻርጅ መለዋወጫ አዳፕተር ቀላል ነው። ለፈጣኑ ግን ጣቢያውና መኪናው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ራሱ ይለያያል፤ የቀዳዳውን ቅርጽ ብቻ የሚቀይር ርካሽ አዳፕተር አይሠራም። ከመንገድ በፊት ጣቢያው ጂቢቲ እንዳለው ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምንም መብራት የለም፣ ስክሪኑም ጨለማ ነው

ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ ያለ እሷ ቻርጁ አይነሳም። ከሌላ መኪና በኬብል ማስነሳት ወይም መቀየር ነው።

ይህን ሁሉ አይተው አሁንም ካልሄደ፣ ወደ ባለሙያ ሲደውሉ «አይሠራም» ብቻ አይበሉ። የስክሪኑን መልእክትና የኬብሉን መብራት ፎቶ ያንሱ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደቆመ፣ በስንት አምፒር እንደታዘዘ፣ ሶኬቱ ሲዳሰስ ይሞቅ እንደነበር ይንገሩ። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎ ወይም መኪናውን ሲነኩ ከነዘረዎ ደግሞ ብሬከሩን አውርደው፣ ኤሌክትሪሺያኑ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው ያድርጉ።