ሌሊት የሚቀሰቀስ አስም ካለ ቃሩንም እዩት

አስሙ ቀን ደህና ውሎ ሌሊት ተኝታችሁ የሚያፍናችሁ፣ ጠዋትም አፋችሁን ኮምጠጥ የሚላችሁ ከሆነ ቃርን ጠርጥሩ። ወደ ላይ የሚመለሰው የጨጓራ አሲድ የምግብ ቧንቧን ሲያቃጥል ነርቭ ተነክቶ የአየር ቧንቧው ይጠባል፤ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባማ ይብሳል።

ትራስ መደራረብ አይበጅም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል። ይልቅ በራስጌ በኩል ባሉት የአልጋ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚያነሳ፣ የማይንሸራተት ጣውላ አስገቡ። እራት፣ በተለይ ቅባት የበዛበት ወጥ፣ ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይበላ። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።

ቴኦፊሊን የተባለውን የአስም መድኃኒት የምትወስዱ ቃሩን ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መድኃኒቱ የጨጓራን አፍ ስለሚያላላ ሊያባብሰው ይችላል። ቃሩን ብትታከሙም ግን፣ እባካችሁ፣ የአስም ፓፋችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ።