የጥንት ደለል አለት ከየት እንደመጣ በኬሚስትሪ እንዴት ይታወቃል?

ደለሉን የሰጠው ተራራ ተሸርሽሮ ካለቀ በኋላም፣ በአለቱ ውስጥ በኢምንት መጠን የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ተራራው ከምን ተሠርቶ እንደነበር ይጠቁማሉ። ለዚህ ሥራ ከአሸዋ ድንጋይ ይልቅ የጭቃ ድንጋይ ይምረጡ፤ ደቃቁ ጭቃ ከሰፊ አካባቢ የታጠበውን አዋህዶ ይይዛልና።

የናሙና አወሳሰድ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዓባይ በረሃ በአዲግራት ስም የሚጠራውን የአሸዋ ድንጋይና በመካከሉ ያሉትን የጭቃ ንጣፎች የሚያጠና ሰው፣ ከሸለቆው አፋፍ ያለው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር አለት) የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ማለትም ንጣፎቹ ከተፈጠሩ ከረጅም ጊዜ በኋላ መሆኑን ሊያስብ ይገባል። የባዛልቱ ፍርፋሪ በዝናብ እየታጠበ ከታች ያለውን አለት ስለሚለብጠው፣ ላዩን ብቻ ጠርቦ የወሰደ ሰው በዘመኑ ያልነበረ ምንጭ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የላዩን ልባጭና የበሰበሰውን ሽፋን አንስተው ትኩሱን አለት ያውጡ።

ናሙናው የሚፈጭበት ዕቃም ያሳስታል፤ የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ተንግስተንና ኮባልት ይጨምራልና ከአጌት (ከጠንካራ የድንጋይ ዓይነት) የተሠራ ወፍጮ ይሻላል። ዱቄቱን በአሲድ ብቻ ማሟሟት ግን አይበቃም፤ ዚርኮን የተባለው ማዕድን አሲድን ስለሚቋቋም በውስጡ ያለው ዚርኮኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ጎድሎ ይለካል። ዱቄቱን ማዕድናትን ለማቅለጥ ከሚረዳው ሊቲየም ሜታቦሬት ከተባለ ጨው ጋር አቅልጦ ከዚያ በአሲድ ማሟሟት ይህን ያስቀራል። ንጥረ ነገሮችን በአቶሞቻቸው ክብደት ለይቶ በሚለካው መሣሪያ፣ በአይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ሲለካ የባሪየም ኦክሳይድ ክብደት ከዩሮፒየም ጋር ስለሚገጥም፣ ባሪየም በበዛበት ናሙና የዩሮፒየም ውጤት ካልታረመ አይታመንም።

ከዚያ በግራናይት የሚበዛውን የቶሪየምን መጠን በባዛልት ለሚበዛው ለስካንዲየም ያካፍሉ። ሁለቱም በውኃ እምብዛም ስለማይሟሙ ከጭቃው ጋር አብረው ይጓዛሉ፤ ሶዲየምና ስትሮንቲየም ግን በቀላሉ ታጥበው ስለሚሄዱ ለዚህ ጉዳይ ምስክር አይሆኑም። በላይኛው የአህጉር ቅርፊት ቶሪየም በአማካይ ከሚሊዮን 10.5 እጅ፣ ስካንዲየም 14 እጅ ያህል ስለሆነ ውጤቱ 0.75 ይሆናል። ከ1 በላይ ከሆነ ምንጩ ወደ ግራናይት፣ ወደ 0.1 ከወረደ ወደ ባዛልት ያደላል።

የዚርኮኒየምና የስካንዲየም ውድር በጣም ጨምሮ የቶሪየሙ ውድር ባለበት ከቆየ፣ ደለሉ ከሌላ ጥንታዊ ደለል አለት ተሸርሽሮ ዳግም የተከማቸ፣ ዚርኮኑም በጉዞው የተጠራቀመ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያውን ተራራ ለማግኘት የዚርኮን ፍሬዎችን ለይቶ ዕድሜያቸውን በዩራኒየምና በእርሳስ ማስላት ቀጣዩ ሥራ ነው።