የድሮ መኪና እንደገና ሲቀባ አዲሱ ቀለም እንዳይሸበሸብ

ትናንት የተረጨ ኮፈን ዛሬ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ከተገኘ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአዲሱ ቀለም ጥራት አይደለም። በውስጡ ያለው ጠንካራ ቲነር ወደ ታች ሰርጎ የድሮውን ቀለም ያሳብጠዋል። ያበጠው ቀለም ከላሜራው ሲላቀቅ የላይኛውን ይዞ ይነሳል። በዚህ ረገድ አስቸጋሪው ሲንቴቲክ፣ ማለትም በአየር ቀስ ብሎ የሚደርቀው ዘይታማ ቀለም ነው። ናይትሮ (ቲነሩ ሲተን ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ወይም ባለ ሃርድነር (ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጭ) ቀለም በላዩ ከተረጨ በቀላሉ ይሸበሸባል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከታች ያለውን እወቁ። ነጭ ጨርቅ በናይትሮ ቲነር ንከሩና በር ግርጌ ላይ ለ2 ደቂቃ ያህል ለጥፋችሁ ያዙት። ቀለሙ ሟሙቶ ጨርቁን ካቀለመው ናይትሮ ነው። ለስልሶ ከተሸበሸበ ሲንቴቲክ ነው። ምንም ካልሆነ የፋብሪካ ወይም በደንብ የደረቀ ባለ ሃርድነር ቀለም ነው። ሙከራውን ኮፈኑን ከፍታችሁ በውስጥ በኩል ብቻ አታድርጉ፤ ውጪው ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ውስጡ ግን የፋብሪካ ቀለሙን እንደያዘ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አንድ ቦታ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስከ ላሜራው ፍቁ። ንብርብሮቹ እንደተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት ሆነው ይታያሉ። ከሦስት በላይ ቀለም ከተቆጠረ፣ ወይም የተሰነጠቀ ካለ፣ ለማዳን አትድከሙ፤ በ80 ቁጥር ሁሉንም አውርዱ። ወጪው ያሳዝናል፣ ግን ሁለት ጊዜ ከመቀባት ይረክሳል።

የሚቀረው ቀለም ጤነኛ ከሆነ ቅባቱንና ሲሊኮኑን አጽድታችሁ በ320 ቁጥር አሹ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሽብሸባው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእነዚያ ቀለበቶች ጠርዝ ላይ ነው፤ ሲታሹ የተገለጡት ንብርብሮች ቲነሩን ከጎን ይጠጡታልና። ጠርዙን በጣት ስትዳስሱት ደረጃው እስኪጠፋ አስፍታችሁ አሹት። ስቱኮ (የጎደጎደ ቦታ መሙያ) ናይትሮ ወይም ሲንቴቲክ ላይ አይለጠፍም፤ ቦታው እስከ ላሜራው ይፋቅ።

አሁን የድሮውንና አዲሱን ቀለም የሚለያየው ባለ ሃርድነር ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጭ መነሻ ንብርብር) ይመጣል። ለአንድ ኮሮላ ተቀላቅሎ 2 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ የመቀላቀያ መጠኑን ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው አታዛንፉ። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጤዛ ስስ ይሁን፤ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ ሁለተኛውን ሙሉ አድርጉ። አወፍራችሁ ከጀመራችሁ ኢፖክሲው ራሱ የታችኛውን ያነሳዋል። በማግስቱ በ400 ቁጥር አሽታችሁ፣ መኪናውን በሙሉ ከመርጨታችሁ በፊት አንድ ፓራፋንጎ ላይ ብቻ ቀለሙን ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ።

የአየሩ ነገር ከከተማ ከተማ ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ላሜራው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ሃርድነርም ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይሠራም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ርጩ። ከጦሳ ተራራ ጉም በወረደበት ቀን ናይትሮ ከረጫችሁ እርጥበቱ ቀለሙን ያነጣዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይመቻል፤ ግን ፀሐይ ላይ የጋለ ላሜራ የቀለሙን ገጽ ቶሎ ስለሚያደርቀው ውስጥ የቀረው ቲነር ሲወጣ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ጉድጓድ ይተዋል። ጥላ ውስጥ፣ ለአቧራው ደግሞ ወለሉን ውኃ ረጭታችሁ ሥሩ።

ቀለሙን በስሱ ጀምራችሁ ሦስት ዙር ርጩ፤ በየመካከሉ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የሃርድነር ጢስ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል፤ የአቧራ ማስክ አይከላከለውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ከሌለ ባለ ሃርድነር ቀለም ባትረጩ ይሻላል።

በሙከራው ፓራፋንጎ ላይ ሽብሸባ ከታየ በላዩ ሌላ ዙር አትጨምሩ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ለቀናት ተዉት፣ የተነሳውን እስከ ጤነኛው ድረስ ፍቁ፣ ኢፖክሲውን እንደገና በስሱ ርጩ። በዚያው ቦታ ዳግመኛ ከተነሳ ያ ክፍል እስከ ላሜራው መውረድ አለበት።